የክረምት ልክ፣ የበጋ ልክ

ዊብረን ሁክዜማ በየካቲት ወር፣ የድሬንተ አውራጃ ቦዮች ሁሉ ስስ በረዶ ለብሰው ሳለ፣ ፀሐይን ሊለካ ከቤቱ ወጣ። የያዘው አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዱላ፣ ኮምፓስ፣ ታጣፊ ወንበርና አንድ ፔርሙዝ ትኩስ የአተር ሾርባ ነበር። ኤክሆፍ ወደሚባለው የካምፕ ሜዳ ሄዶ፣ ዝር የሚል ሰው በሌለበት፣ ቁጥር ሃያ ሰባት የካምፐር ማቆሚያ ላይ ዱላውን ተከለ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የዱላውን ጥላ ተከተለ፤ በየሩብ ሰዓቱም ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ጆሮው ቀላ፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ የእግሩ ጣቶች ከባለቤታቸው ጋር ግንኙነት አቋረጡ። ፀሐይዋ ግን አልተደበቀችበትም።

ማታ ቤቱ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ ለሚስቱ ነገራት።

«ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ አንድም ደቂቃ ሳይጎድል። ቁጥር ሃያ ሰባት። የበጋውን የሰዓት ለውጥ፣ ሰዓቱ በአንድ የሚቀድመውንም፣ አስልቼዋለሁ። ዋስትና አለው።»

ለሚስቱ አበባ የሚገዛ ባል ሞልቷል። ፀሐይን በደቂቃ ቆጥሮ፣ አስልቶ፣ ዋስትና ሰጥቶ የሚያመጣ ባል ግን በምድር ላይ ስንት አለ? እኔ ይህን ታሪክ በሰማሁ ጊዜ አፌን ይዤ ቀርቻለሁ። ዛሬም ድረስ ፍቅር በዱላ ሊለካ መቻሉ ይደንቀኛል።

ስለ ሰውየው «አንቱ» እያልኩ ባልጽፍ አንባቢ አይፍረድብኝ። በካምፕ ሜዳ ላይ ቁምጣ ለብሶ፣ የሽንት ቤት ወረቀት በብብቱ ሸጉጦ፣ ያገኘውን ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» እያለ የሚያልፍ ሰው አንቱታውን በሩ ላይ አስረክቦ ነው የገባው። ለሦስት በጋ ድንኳኔን ከነዊብረን ካምፐር፣ ከመኪና ቤታቸው፣ አጠገብ ተክያለሁ፤ የሽንት ቤት ወረቀቱን የምርት ስም ሳይቀር አውቀዋለሁ።

ዊብረን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት የሠራው በውሃ ቦርድ ነው። ሥራው የቦዮቹን ውሃ ልኩ ላይ ማቆየት ነበር። ያ ልክ ደግሞ ሁለት ነው፤ የክረምት ልክና የበጋ ልክ። በክረምት ዝናቡ ስለሚበዛ ውሃው ዝቅ ይደረጋል፤ በበጋ ሣሩና ድንቹ እንዳይጠማ ከፍ ይደረጋል። የክረምትን ልክ በበጋ የተጠቀመ ሰው ገበሬውን ያደርቃል፤ የበጋን ልክ በክረምት የተጠቀመ ያሰጥመዋል። ዊብረን በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ጊዜ አላምታታም። ቢያንስ እሱ እንደሚለው። አንድ ጊዜ የአንድ ገበሬ ምድር ቤት ጎርፍ ገብቶበት ሁለት መቶ ማሰሮ ባቄላ ሲንሳፈፍ፣ ሰውየው እየጮኸ ቢሮው መጣ። ዊብረን መዝገቡን አየ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ «ውሃው ልኩ ላይ ነው። ዝቅ ያለው ያንተ ምድር ቤት ነው» አለው። ይህን ታሪክ በየበጋው ይደግመዋል። ማንም ስቆ አያውቅም፤ ምክንያቱም ሲነግረን ቀልድ መሆኑን እሱም አያውቅም።

ካምፐሩን ከገዛ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አልጋ፣ ምድጃ፣ ፍሪጅ፣ ሽንት ቤት፣ ሁሉም መኪና ውስጥ ነው። ታዲያ በአሥራ አንዱም በጋ ያቆመው ጥላ ሥር ነበር። ለምን ጥላ? ስትጠይቀው ጣቱን ማጠፍ ይጀምራል፤ ጣት ያልቅበታል እንጂ ምክንያት አያልቅበትም። ፍሪጁ ጋዝ አይፈጅም፣ የጣሪያው ቀለም አይነጣም፣ የጎማው ላስቲክ አይሰነጠቅም፣ አይቡ አያልበውም። አይብ እንዳያልበው ሲባል ሚስቱ አሥራ አንድ በጋ በሹራብ ተቀምጣለች። ወፎች ጣሪያው ላይ የሚያደርሱት ነገርስ? ለእሱ ልዩ ብሩሽ አለው።

ሚስቱ ፌና ትባላለች። እሷ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ዓመት በድንች ስታርች ፋብሪካ ላቦራቶሪ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ሠርታለች። ፀሐይን የምታያት በምሳ ሰዓት ነበር፤ ያውም ፀሐይዋም ምሳ ካልወጣች። ጡረታ ወጥታ ጥላ ሥር ገባች። ባለፈው ኅዳር ታናሽ እህቷ ሩሊ ሞተች፤ በየቀኑ በስልክ የምታወራት፣ በሁሉም ነገር የምትስቅ እህቷ። ፌና ያንን ክረምት መስኮት ሥር ተቀምጣ አሳለፈችው። ዊብረን ሾርባ ያመጣል፣ ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ ዊብረን ሾርባውን ይመልሳል። በጥር አንድ ቀን፣ ሳትጠየቅ፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ ተናገረች።

«በዚህ በጋ ፀሐይ ካላገኘሁ ካምፐሩ ይሸጥ። ጥላማ ቤታችንም ሞልቷል።»

እንግዲህ የየካቲቱ ዱላ የተተከለው ለዚህ ነው።

በሰኔ መጀመሪያ ደረሱ። ቦታው እስከ ነሐሴ መጨረሻ በስማቸው ተይዟል፤ ሜዳውም ሞልቷል። ዊብረን ካምፐር ማቆም ሲጀምር ከቅዳሴ አያንስም። ጎማዎቹ ሥር ሽብልቅ ይገባል፣ ባለ አረፋዋ ውሃ ልክ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጣለች፣ እሱ ከውጭ ይጮኻል፣ ፌና ከውስጥ ትመልሳለች።

«አረፋዋ መሃል ናት?»

«ወደ ፍሪጁ ዘንበል ብላለች።»

«አሁንስ?»

«አሁን ወደ እኔ።»

«ወደ አንቺ ማለት ወዴት ነው? አቅጣጫ ንገሪኝ እንጂ!»

«ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ጌታዬ።»

አርባ ደቂቃ ፈጀ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዊብረን አንድ ጊዜ እንኳን ቀና አላለም። ዕድሜውን ውሃ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ወደ ታች ነው የሚያየው። ፌና ወንበሯን አወጣች። በመጋቢት የገዛችውን ቢጫ ባርኔጣ አደረገች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ፊቷን ወደ ሰማይ ሰጥታ ዓይኗን ጨፈነች። ጠበቀች። ከዚያ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ዊብረን።»

«እ?»

«ፀሐይዋ የት ናት?»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ሰባት ተኩል።»

«እንግዲያስ እዚህ ናት።» ማስታወሻውን ገልጦ በጣቱ ተከተለ። «ይኸው። ሰባት ተኩል፤ ሙሉ ፀሐይ።»

«ማስታወሻህ ላይ አለች። አናቴ ላይ ግን የለችም።»

ያን ጊዜ ዊብረን ቀና አለ። ቅጠል! ከቅርንጫፍ እስከ ቅርንጫፍ፣ ጫፍ ከጫፍ የተጠላለፈ፣ ሰማይን በሙሉ የዋጠ ቅጠል። በሰኔ ወር ዛፍ ላይ ቅጠል ይገኛል ብሎ ማን ይገምታል? ኤክሆፍ ማለት «የኦክ ዛፍ ግቢ» ማለት ነው፤ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፣ ሥሩም የኦክ ቅጠል ተስሏል። ለነገሩ እኔ ከድንኳኔ ሆኜ ሳየው ጉድ የሚያሰኝ ውበት ነበረው። ነፋሱ ሲያልፍ አረንጓዴው ብርሃን በዊብረን መላጣ ላይ እንደ ቦይ ውሃ ይወዛወዝ ነበር። መላጣው ግን ውበቱን አላደነቀም።

«እነዚህ በየካቲት አልነበሩም» አለ፣ ጓደኛው እንደከዳው ሰው።

«ዛፎቹ?»

«ቅጠሎቹ።»

ፌና ባርኔጣዋን አወለቀች።

«የሰዓት ለውጡን አስልተሃል አይደል?»

«አስልቻለሁ።»

«ጎበዝ። ሠላሳ አራት ዓመት የክረምት ልክ፣ የበጋ ልክ ስትል ኖርክ። ዛፍም የበጋ ልክ አለው፣ የኔ ጌታ።»

ሹራቧን ልታመጣ ገባች።

በቀጣዮቹ ቀናት ዊብረን ስህተቱን ከማመን በስተቀር ሁሉንም ሞከረ። «ዘንድሮ ዝናቡ በዝቶ ነው፤ ቅጠሉ ከመጠን አልፏል» አለ። «ከሰዓት በኋላ ይከፈታል» አለ። ከሰዓት በኋላ አልተከፈተም። በጠዋት አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ አንዲት የሰሃን ክዳን የምታህል ፀሐይ መጥታ፣ የካምፐሩን የሽንት ቤት መዝጊያ ለሃያ አምስት ደቂቃ አሞቃ ሄደች። «አየሽ?» አላት። ፌና ግን መዝጊያ አልነበረችም።

ወደ ካምፑ ባለቤት ወደ ሲትስከም ሄደ። ሲትስከ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ አስፈልጓትም አያውቅም።

«ቅርንጫፎቹን ትንሽ ማሳሳት አይቻልም?» አላት።

«አቶ ሁክዜማ፣ ዛፉ መቶ ሰባ ዓመቱ ነው። እርስዎስ?»

«ስልሳ ስምንት።»

«ታዲያ ማን ማንን ነው የሚያሳሳው?»

ፌና በበኩሏ ፀሐይ ፍለጋ ወንበሯን ይዛ ወጣች። በሞላ ሜዳ ላይ ባለቤት የሌለው ፀሐያማ ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የካምፐር ሽንት ቤት ሣጥን የሚደፋበት። እዚያ ሣር ላይ፣ ከማጠቢያው ቧንቧ አሥር እርምጃ ርቃ፣ ቢጫ ባርኔጣዋን አድርጋ ተቀመጠች። ካምፕ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ በቀን አንድ ጊዜ ባለ ጎማ ሣጥኑን እየጎተተ እዚያ መምጣቱ አይቀርም። ንጉሥ እንኳ ከሕዝቡ ጋር እንዲህ አይገናኝም።

«እንደምን አደርሽ ፌና! ዛሬም እዚሁ?»

«ዛሬም። ከብዷል እንዴ ሣጥኑ?»

«የልጅ ልጆቹ መጥተው አደሩ።»

«ያስታውቃል፤ በነፋሱ በኩል አታቁመው ብቻ።»

ዊብረን ይህን ከሩቅ አይቶ አፈረ። ጥላው የከበደ ሰው ነበር፤ ሚስቱ ግን ጥላውን ጥላ ሽንት ቤት መድፊያ ደጃፍ ተቀመጠችበት።

«ሰው ምን ይላል?» አላት ረቡዕ ማታ።

«ሰው ሰላም ይላል። እዚያ ስታየኝ የማትለው አንተ ብቻ ነህ።» ሳህኗን ገፋ አደረገች። «ስማኝ ዊብረን። ሦስት ወር ሙሉ መድፊያ ደጃፍ አልቀመጥም። ቅዳሜ በአራት ሰዓቱ አውቶቡስ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አንተ ካምፐሩን ለሽያጭ አውጣው።»

«ፌና…»

«ቁጥር ዘጠኝ ላይ ያለው ሼንግ ጥላ ፍለጋ ሊያብድ ነው። ውሻው የሚውለው ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነው።»

«ቁጥር ዘጠኝ? ሜዳው መሃል ያለው? ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም?»

«ፀሐይ የሞቀው፣ አገር ያወቀው ነገር ነው። ፀሐይ ያልሞቀው አንተን ብቻ ነው። ቦታ ለመለዋወጥ ደግሞ ቅጽ ይሞላል፤ ቅጹ ላይ ምክንያት ይጻፋል። ቦታው በስምህ ነው። ምክንያቱን እኔ አልጽፍልህም።»

ዊብረን ሐሙስን በማሰብ አሳለፈ። ማሰብ ማለት በካምፐሩ ዙሪያ እየዞረ ውሃ ልኩን በየቦታው ማስቀመጥ ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ሲደርስ፣ ቁጥር ዘጠኝ ሄደ። ሼንግ የሊምበርግ ሰው ነው፤ የደቡብ ሰው ስለሆነ ከማያውቀው ሰው ጋር ያወራል። እግሩን ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ ራሱ ላይ እርጥብ ፎጣ ጥሎ ተቀምጧል። ትልቅ ጥቁር ውሻው ሳፋው ውስጥ ተኝቶ በዓይኑ ብቻ ሰላምታ ሰጠ።

«አንተ ነህ እንዴ የሃያ ሰባቱ?» አለ ሼንግ። «ሰውዬ፣ ገነት ውስጥ እኮ ነው የምትኖረው! እኛ እዚህ በጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደ ዳቦ ተጋግረን እንነሳለን።»

ዊብረን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለውሻው አዝኜ ነው የመጣሁት» አለ።

አያችሁ? የሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ቦይ መዝገብ በጭንቅላቱ የሚይዝ ሰው ለምክንያት አይቸገርም።

«ለውሻው?»

«አዎ። ቦታዬን ልልቀቅለት ብዬ።»

የሼንግ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ላብም ሊሆን ይችላል። ከባልዲው ተነስቶ በእርጥብ እጁ የዊብረንን ትከሻ ያዘ። «እንዳንተ ያለ ሰው በሰሜን ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር። ውሻዬ ይህን ውለታ አይረሳም!» ውሻው ግን ቀድሞውንም አላመነም፤ ፊቱን አዞረ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ ዊብረን የሲትስከ ቢሮ ውስጥ ቅጹን ይሞላ ነበር። ስም፣ ሞላ። የያዘው ቦታ፣ ሞላ። የሚፈልገው ቦታ፣ ሞላ። የመለዋወጫ ምክንያት፦ «ለውሻ በማዘን።» ሲትስከ አነበበች።

«ውሻው የሼንግ ምክንያት ነው፤ በእሱ ቅጽ ላይ ተጽፏል። የእርስዎ ምክንያትስ?»

ሰረዘ። «የቅጠል መብዛት» ብሎ ጻፈ።

«ቅጠሉ የዛሬ ዓመትም ነበረ፣ የዛሬ መቶ ዓመትም ነበረ፣ አቶ ሁክዜማ። እርስዎ ቦታውን ለምን መረጡት? እኔ ለቀጣዩ ሰው ልነግር ስለምፈልግ ነው።»

ዊብረን ብዕሩን እንደያዘ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የአውቶቡሱ ማቆሚያ ከቢሮው ፊት ለፊት ነው፤ ጥላ የለውም። ፌና ትንሿ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ፣ ቢጫ ባርኔጣዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፊቷን ወደ ላይ ሰጥታለች። ዓይኗ ተጨፍኗል። ከኅዳር ወዲህ እንዲያ የለሰለሰ ፊት አይቶባት አያውቅም። ሻንጣ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ አቧራ ውስጥ! ለዚህ ያህል ነገር በየካቲት ስድስት ሰዓት በረዶ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ለካ ሴትየዋ የፈለገችው ይህን ብቻ ነው።

ሰረዘ። «የልኬት ስህተት።»

«የማን?» አለች ሲትስከ። ተንኮል የላትም፤ ቅጹ ላይ ቦታው ባዶ ስለሆነ ነው።

ሁለት መቶ ማሰሮ ባቄላ አንድ በአንድ በፊቱ የተንሳፈፈ ይመስለኛል። ከዚያ ጻፈ። ግልጥ በሆነ የመዝገብ ቤት ጽሕፈት፣ ከፊደል ፊደል እኩል ርቀት ጠብቆ፦ «የእኔ። ዊ. ሁክዜማ።» ከሥሩም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቀን ጻፈበት።

ወረቀቱን ይዞ መንገዱን ተሻገረ።

«አንብቢው» አላት።

ፌና አንድ ዓይኗን ገለጠች፣ ወረቀቱን ተቀበለች፣ መነጽሯን ፈለገች። አነበበች። መነጽሯን ጠርጋ እንደገና አነበበች። አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ።

«ትሳፈሪያለሽ እመቤቴ?» አለ ሹፌሩ።

«ትንሽ ጠብቀኝ፤ እያነበብኩ ነው።»

«አንድ ገጽ ነው እኮ።»

«አንተ ታሪኩን አታውቅም» አለችው። ሦስተኛ ጊዜ አነበበችውና ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ሂድ አንተ፤ መንገድህን ቀጥል።»

አውቶቡሱ ሄደ። ዊብረን ሻንጣውን አነሳ።

«ኮፒ አለው?» አለችው።

«ሲትስከ ጋ አለ።»

«ጥሩ። ለዚያ ለባቄላው ሰውዬ አንድ እንልክለታለን።»

በዚያኑ ቀን ተለዋወጡ። አረፋዋን መሃል ለማምጣት አንድ ሰዓት ፈጀ። ሼንግ ጥላው ሥር እንደገባ ለሁለት ቀን ተኛ፤ ውሻው ከሳፋ ወጥቶ እንደ ውሻ መራመድ ጀመረ። ቁጥር ዘጠኝ ግን ሜዳው መሃል፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ ፀሐይ የማትለየው ቦታ ነው። ፌና ወንበሯን በደቡብ በኩል ዘርግታ ቡናማ ሆነች፤ በየቀኑ መድፊያው ጋ ያፈራቻቸው ወዳጆች እየመጡ ይጠይቋታል። አንዳንዴ ስለ ሩሊ ታወራላቸዋለች። አንድ ቀን ስታወራ በመሃል ስትስቅ ሰማኋት፤ የሟቿ እህት ሳቅ እንዲህ ነበር አሉ።

ዊብረንስ? ፀሐይ አይችልም። አንገቱ በመጀመሪያው ቀን እንደ ቲማቲም ሆነ። ከዚያ ወዲህ የሚኖረው ካምፐሩ ራሱ በሚጥለው ጥላ ውስጥ ነው፤ ጥላው ደግሞ ይዞራል። ጠዋት ከመሪው በኩል ይቀመጣል፣ ቀትር ላይ በሰሜን ጎን የጋዝ ሲሊንደሩ በር አጠገብ፣ ማምሻውን ከኋላ ብስክሌቶቹ ዘንድ። ወንበሩን በአንድ እጁ፣ ማስታወሻውን በሌላው ይዞ፣ በየሩብ ሰዓቱ አንድ እርምጃ። በየካቲት ዱላውን ተክሎ ነበር፤ በሰኔ ዱላው እሱ ራሱ ሆነ።

ትናንት ሁለት ሴቶች ሣጥናቸውን እየጎተቱ ሲያልፉ አንደኛዋ ጠየቀች።

«ፌና፣ ስንት ሰዓት ሆነ? ስልኬን ጥዬው መጣሁ።»

ፌና ባርኔጣዋን ከዓይኗ ላይ ገፋ አድርጋ፣ አንገቷን ወደ ካምፐሩ ጀርባ ቀልበስ አደረገች።

«ዊብረን የጋዙን በር አልፎ ብስክሌቶቹ ጋ ሊደርስ ነው። ዘጠኝ ተኩል ይሆናል።»

«ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት!» አለ ድምፅ ከጥላው ውስጥ።

«ተሳስቻለሁ» አለች ፌና ለሴቶቹ። ከዚያ ጮክ አድርጋ፦ «እግርህን ሳብ፣ የኔ ጌታ፤ ፀሐይ ላይ ነው!»